ኮምጣጣ ቢራ ባሕር ማዶ ሲወደድ፣ ጠላ በአገሩ ለምን ረከሰ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ማቻከል ወረዳ አማኑኤል ከተማ ሲደርስ፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ሁሉ፣ ሁለት ዓይነት የመጠጥ ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። አንደኛው የቢራ ፋብሪካ ስምና ዓርማ ያለበት፣ በቀለም ያሸበረቀ ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ሰሌዳው ፋብሪካውን ብዙ ገንዘብ አስወጥቶታል፤ ጣሳው ግን ባለቤቷን ይህ ነው የሚባል ወጪ አላስወጣትም። የሚሻሙት ግን አንድ ነገር ነው፤ የገበያተኛውን ጥምና በኪሱ ያለውን ብር።

በዚህ ሽሚያ ማን እየረታ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከመጠጥ ነጋዴዎች የሚሰጠው መልስ የተለመደ ነው። የሰው ጣዕም ተለውጧል፤ ወጣቱ ጠላ አይጠጣም፤ ቢራ ይላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ጣዕም ለምን ይለወጣል? ከተለወጠስ በኋላ ይመለሳል ወይ? ገንዘቡን በመጠጥ ንግድ ላይ ለማዋል ለሚያስብ ሰው እነዚህ ጥያቄዎች የወሬ ማድመቂያ ሳይሆኑ የትርፍና የኪሳራ ጉዳዮች ናቸው። በተለይም በአውሮፓና በአሜሪካ «ኮምጣጣ ቢራ» የሚባለው መጠጥ ከተራው ቢራ በእጥፍና ከዚያም በላይ በሚሸጥበት በአሁኑ ጊዜ፣ የራሳችን ኮምጣጣ ቢራ የሆነው ጠላ የድሃ መጠጥ ተብሎ መቅረቱ ሊጤን ይገባዋል።

መጎምዘዝ ሁሉ አንድ አይደለም

ጠላ ቀምሶ የማያውቅ እንግዳ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲወስድ የሚሰማው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ መጎምዘዙ። ለለመደው ሰው ግን በዚያው ጉንጭ ውስጥ ቢያንስ አራት ነገሮች አሉ። የጌሾው ምሬት፣ የአሻሮው የቆሎ ጠረን፣ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጭስ፣ በመጨረሻም ኮምጣጣነቱ። አንዱ ሌላውን ከተጫነው ጠላው ጎድሎበታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከአጠማመቁ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ ደርቆ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ተበጥብጠው ይጠነሰሳሉ። ጥንስሱ ጥቂት ቀናት ካደረ በኋላ የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ፣ የተቆላው እህል ተፈጭቶ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ተሞልቶበት አፉ ይከደናል። እህሉ እንደየአገሩ ይለያያል። በደጋው ገብስ፣ ዝቅ ባለው አገር ዳጉሳና በቆሎ ይበዛል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከፋብሪካ የተገዛ እርሾ የለም። ሥራውን የሚሠሩት ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ የሚገኙ፣ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ናቸው። እርሾው የእህሉን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ደግሞ መጠጡን ያኮመጥጡታል። ወተትን እርጎ የሚያደርጉትም የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው።

ሌላ ዓይነት ኮምጣጣነትም አለ። ጋኑ በደንብ ካልተከደነ፣ ወይም ጠላው እየጎደለ ሄዶ አየር ከገባበት፣ አየር የሚሹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይነሡና አልኮሉን ወደ አቼቶ ይለውጡታል። ስለዚህ ጠላ የሚገዛ ሰው ሁለቱን መለየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ኮምጣጣነት ምላስን ያነቃል፤ ምራቅ ያመጣል፤ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ሁለተኛው ገና ከአፍ ሳይደርስ አፍንጫን ይወጋል፤ ጉሮሮንም ይቧጥጣል። የመጀመሪያው ጣዕም ነው፤ ሁለተኛው ብልሽት ነው። ብዙ የከተማ ሰው «ጠላ አይስማማኝም» የሚለው የበሰለውን ጠላ ሳይሆን የተበላሸውን ቀምሶ ሊሆን ይችላል።

ጥንካሬውም አንድ ዓይነት አይደለም። የተለመደው የቤት ጠላ የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አካባቢ ነው። በከተሞች «ፊልተር» እየተባለ የሚሸጠው የተጣራ ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ስለሚደርስ ከጠርሙስ ቢራ ጋር ይስተካከላል። በአተላው ላይ ውሃ ተደግሞ የሚገኘው ቅራሪ ደግሞ ቀላል ነው።

ሞቶ የተነሣው ቢራ

ጣዕም ሄዶ እንደሚመለስ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ የሚገኘው ጎዘ የተባለው ቢራ ነው። ጎዘ በስንዴና በገብስ ብቅል የሚጠመቅ፣ ጨውና ድንብላል የሚገባበት ኮምጣጣ ቢራ ነው። በአንድ ወቅት የከተማው ሕዝብ ዋነኛ መጠጥ ነበር። ሆኖም ጠጪው ወደ ጠራውና ወደ ለስላሳው የፋብሪካ ቢራ እየዞረ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1966 የመጨረሻው ጠማቂ ሥራውን አቆመ። ቢራው ከገበያ ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። በ1980ዎቹ ግን በዚያው ከተማ እንደገና መጠመቅ ጀመረ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ያሉ ትናንሽ ጠማቂዎች ይህንኑ ቢራ ሠርተው በውድ ይሸጡት ጀመር። አንዱ ትውልድ ገፍቶ የጣለውን ሌላው ትውልድ ተሽቀዳድሞ ገዛው።

የቤልጂግ ላምቢክም ታሪኩ ይቀራረባል። ላምቢክ በብራስልስና በአካባቢው በብርድ ወራት የሚጠመቅ ቢራ ነው። የፈላው ጭማቂ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ገበታ ላይ ተዘርግቶ አየር ሲመታው ያድራል። ከአየሩና ከቤቱ የሚያርፉበት ሕዋሳት እርሾ ይሆኑታል። ከዚያም በእንጨት በርሜል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ላምቢኮች ተቀላቅለው በጠርሙስ ሲታሸጉ ግዌዝ ይባላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ከእነዚህ ጠማቂዎች ብዙዎቹ ዘግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተቋቋመው ካንቲዮን የተባለው የብራስልስ ጠማቂ ቤት ግን በ1978 ቤቱን እንደ ሙዚየም ለጎብኚ ከፍቶ፣ ቢራውንም ሳያጣፍጥ ይዞ ቆየ። ዛሬ ምርቱ ከተፈላጊነቱ ያነሰ ሆኖ ገዢው ወረፋ ይጠብቅለታል።

የዱር እርሾ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ለብዙ ጊዜ ያገለገለ ዕቃ። በላምቢክ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሦስት ነገሮች በጠላ ጋን ውስጥም አሉ። ልዩነቱ የእነርሱ በርሜል ሦስት ዓመት ሲታገሥ የእኛ ጋን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠጣቱ፣ የእነርሱ ስምና ጠርሙስ ሲኖረው የእኛ ምንም የሌለው መሆኑ ነው።

ምላስ ነጋዴውን ያታልላል

በሰው ምላስ ላይ ያሉት ጣዕም ለዪ ሕዋሳት በየአሥር ቀኑ ገደማ ይታደሳሉ። ጣዕም የሚለወጠው ግን ከምላስ ይልቅ በልማድ ነው። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጥናት ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያገኘው ብቻ ለነገሩ ያለው ዝንባሌ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሕፃን ልጅ መራራን ይተፋል፤ አድጎ ግን ቡናን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሞልቷል። በእኛ አገር ደግሞ ልጁ ጥርስ ሳያወጣ ጀምሮ በእርሾ የቦካ እንጀራ ስለሚቀምስ ለኮምጣጣ ነገር እንግዳ አይደለም። ከዚህ አንጻር ኢትዮጵያዊ ጠጪ ኮምጣጣ ቢራን ለመልመድ ከጀርመናዊውም ከአሜሪካዊውም ይልቅ ቅርብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ወጣቱ ጠላን ለምን ሸሸ? ከመጠጡ ጣዕም ይልቅ በዙሪያው ያለው ነገር ስላራቀው ነው። የለስላሳ መጠጥ ጣፋጭነት በየገጠሩ ከተማ ገብቷል። ዲያጆ ሜታን በያዘበት ዘመን ማልታ ጊነስን፣ ሃይነከንም ሶፊ ማልትን ለኢትዮጵያ ገበያ አቅርበዋል፤ ሁለቱም አልኮል የሌለባቸው ጣፋጭ የብቅል መጠጦች ናቸው። ቢራውንም ቢሆን በለስላሳ ቀላቅሎ የሚጠጣ ወጣት ጥቂት አይደለም። በርሊኖችም ኮምጣጣ የስንዴ ቢራቸውን በሽሮፕ አጣፍጠው የመጠጣት ልማድ አላቸው። የማጣፈጡ ነገር ስለዚህ ለብዙ ጠጪ መግቢያ በር ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ክብር ነው። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ጠጪው ማን እንደሆነ ይናገራል። ሰው ጣዕም ወደድሁ ሲል ብዙ ጊዜ የወደደው አብሮት የሚታየውን ነገር ነው። ይህን የማይገነዘብ ነጋዴ፣ የገበያውን ፍላጎት በምላስ ብቻ ለክቶ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ይዞ ይቀራል።

ቢራም እንግዳ ነበር

ዛሬ አገር በቀል የሚመስለው የጠርሙስ ቢራ ራሱ ትናንት የመጣ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን ቢራ የከተማ፣ ያውም የትልልቅ ከተማ መጠጥ ሆኖ ቆይቷል። ሁኔታው በፍጥነት የተለወጠው ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት እጅ መውጣት ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በቢጂአይ ስም ቅዱስ ጊዮርጊስን ገዛ። በ2000 ዳሽን በጎንደር ተቋቋመ። በ2011 ሃይነከን ሐረርንና በደሌን፣ በ2012 ዲያጆ ሜታን ገዙ። በ2015 ደግሞ ሐበሻ ቢራ ከደብረ ብርሃን ምርቱን ለገበያ አቀረበ። ሜታም በ2022 ወደ ቢጂአይ ተዛውሯል። የፋብሪካዎቹ ፉክክር ቢራን በጭነት መኪና ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ፣ ወደ አማኑኤልም አደረሰው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ማስታወቂያው ቢቆምም የለመደው አፍ አልተመለሰም። ይህም ልማድ አንዴ ከተተከለ ያለ ማስታወቂያ ራሱን ችሎ እንደሚሄድ ያሳያል።

አሁን ግን የዋጋው ነገር በሌላ አቅጣጫ እየገፋ ነው። ቢራ የኤክሳይስ ታክስ ይከፈልበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ግብዓትና መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ተወዷል። እርግጥ ነው፣ የብቅሉ ጥገኝነት እየቀነሰ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በተጨማሪ በ2021 ቡርትማልት በደብረ ብርሃን፣ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ ፋብሪካ ከፍተዋል። ሆፕ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። ጌሾ በጓሮ ይበቅላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

የጋኑ ሂሳብ

የምሥራቅ ጎጃም የጠላ ገበያ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። አማኑኤል በየወሩ በ28 ይዘከራል፤ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና ዝክሩ የሚጠጡት ጠላ ግን በየቤቱ ይጠመቃል እንጂ አይሸጥም። የሠርግ ወራትም፣ የደቦውም ጠላ እንደዚሁ። ስለዚህ ለሽያጭ የምትጠምቀው ሴት ገበያዋ የገበያ ቀን፣ መንገደኛ፣ የቀን ሠራተኛና ቤተሰብ የሌለው ሰው ነው። አልኮል የማይጠጣው ደግሞ ቀሪቦ ይቀርብለታል።

የንግዱ አሠራር ከሚታሰበው በላይ የተቀናጀ ነው። ከአንድ ድፍድፍ ሦስት ሸቀጥ ይወጣል። መጀመሪያ ጠላው ይሸጣል፤ ቀጥሎ ቅራሪው በርካሽ ለሚፈልገው ይቀርባል፤ በመጨረሻም አተላው ለከብት አድላቢ ይሄዳል። የሚጣል ነገር የለም። ወጪው እህል፣ ጌሾ፣ ማገዶና ውሃ ነው። ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል፤ ቢታሰብ ኖሮ የትርፉ መጠን ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ያም ሆኖ በርካታ እናቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚህ ጋን ነው። ጣዕም ተለወጠ ሲባል እንግዲህ የሚለወጠው የጠጪው ምርጫ ብቻ አይደለም። የእነዚህ ሴቶች ገቢ፣ የጌሾ አብቃዩ ገበያ፣ የከብት አድላቢውም መኖ አብሮ ይነቃነቃል።

ችግሩም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የእህል ዋጋ ነው። የምሥራቅ ጎጃም እህል በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ስለሚጫን ጠማቂዋ የምትወዳደረው ከከተማው ሸማች ጋር ነው። ሁለተኛው የመቆያ ጊዜው ነው። የተከፈተ ጋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሸጠ ወደ አቼቶነት ይሄዳል፤ ቢራ ግን በጠርሙስ ወራት ይቆያል። ሦስተኛው የጥራቱ መለያየት ነው። ዛሬ የተጠጣው ነገ አይገኝም። አራተኛው ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሠተው ግጭት በመንገዱና በገበያው ላይ ያደረሰው ጫና ነው። ይህን የማይጨምር የአዋጭነት ጥናት ከወረቀት አያልፍም።

ባለገንዘቡ ምን ይመልከት?

«ጠላን በፋብሪካ ጠምቆ ማሸግ» የሚለው ሐሳብ በብዙ ባለሀብቶች አእምሮ ውስጥ መጥቶ እንደሚያልፍ ይገመታል። በሐሳቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠላ በጠርሙስ እንዳይቆይ የሚያደርጉት እነዚያው ጣዕሙን የሚሰጡት ሕያዋን ናቸው። በሙቀት ከተገደሉ መጠጡ ይቆያል፤ ነገር ግን ሕይወቱ ያልቃል። ካልተገደሉ ጠርሙሱ ውስጥ መፍላታቸውን ይቀጥሉና ወይ ጠርሙሱን ያፈነዱታል፣ ወይ ጣዕሙን ይለውጡታል። ቤልጂጎቹ ይህን የፈቱት በወፍራም ጠርሙስ፣ በቡሽና በትዕግሥት ነው። ይህም ገንዘብን ለረጅም ጊዜ ማሰርን ይጠይቃል። ባንክ ወለድ እየቆጠረ ባለበት አገር ሦስት ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ከዚህ የቀለለው መንገድ ጠላውን ወደ ሩቅ ጠጪ ከመላክ ይልቅ ጠጪውን ወደ ጠላው ማምጣት ነው። በአዲስ አበባ ቢራ ጋርደን ኢን ራሱ የጠመቀውን ቢራ እዚያው በመሸጥ የታወቀ ቤት ነው። ይኸው አሠራር ለተጣራ ጠላም ይሆናል። ንጹሕ ውሃ፣ የሚቆለፍ በርሜል፣ ቀን የተጻፈበት ጋን፣ በየዕለቱ የሚቀምስ አንድ ሰው ካለ የጥራቱ መለያየት ብዙ ይቀንሳል። ቀማሹን ለማግኘት ውጭ አገር መላክ አያስፈልግም። ጥንስሱን በማሽተት ብቻ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሴቶች በአማኑኤልም በብቸናም በሞጣም አሉ። የሚያስፈልገው ይህን ዕውቀት እንደ ሙያ ቆጥሮ ተገቢውን መክፈል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። ቡናው ድሮም ቡና ነበር፤ ዋጋ የጨመረለት ስሙ ነው። የጎጃም ጠላ የሚባለውም ስም በሰው አፍ ላይ ያለ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን የለም። ኮምጣጣ ቢራ በውጭ አገር ይበልጥ በታወቀ ቁጥር አንድ የባሕር ማዶ ጠማቂ ጌሾ ገዝቶ፣ ስሙንም «ጠላ» ብሎ ጠርሙስ ላይ ቢለጥፈው የሚከለክለው ያለ አይመስልም።

በመጨረሻም ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጣዕም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መንገድ አይደለም። በሃያ ዓመቱ ጠላ የናቀ ሰው በአርባ ዓመቱ ጠላ ፈልጎ ሰፈር ሲያስስ ይታያል። የከተማው ሰው የአገሩን ነገር የሚናፍቀው ከራቀው በኋላ ነው። ላይፕዚጎች ጎዘያቸውን የፈለጉት ካጡት በኋላ ነበር፤ ዕድላቸው ሆኖ የአሠራሩ ዕውቀት ጨርሶ ሳይጠፋ ደረሱበት። በጎጃም የጠላው ዕውቀት ያለው በመጽሐፍ ሳይሆን በጠማቂዎቹ እጅ ነው። ልጆቻቸው ሙያውን ሳይወርሱ ከቀሩ፣ ገበያው ሲመለስ የሚሸጥለት ሰው ላያገኝ ይችላል። በዚህ ንግድ ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው የሚሻለው ጠጪው እስኪመለስ መጠበቅ ሳይሆን፣ ጠማቂዋ ሥራዋን እንዳትተው ከወዲሁ መዋዋል ነው።